110 ተማሪ፣ አንድ አንጎል

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። በነርስነት አራት ዓመት ሆስፒታል ዋርድ ከሠራሁ በኋላ በአናቶሚ ማስተርሴን ይዤ ከመስከረም ጀምሮ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ሌክቸረር ሆኛለሁ። የነርሲንግ፣ የሚድዋይፈሪና የአኔስቴዥያ ተማሪዎችን አንድ ላይ አስተምራለሁ፤ 110 ናቸው። ለነርቭ ሥርዓት የተመደበልኝ ስድስት ሳምንት ነው። ያለኝ አምስት የፕላስቲክ ሞዴልና ባልዲ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የሰው አንጎል ነው፤ እሱም ከሥሩ ተጨፍልቋል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ሌላ እንዲገዛ ስጠይቅ ‹ሞዴሉ ይበቃል› ተባልኩ። በአጋማሽ ፈተናው (ሚድ) ከግማሽ በላይ ወደቁብኝ። ናሙናው የሚቀመጥበት ፎርማሊን ራሴን ያመኛል። ቤተሰቦቼ ደግሞ ‹ነርስነቱን ትተሽ የሬሳ አስተማሪ ሆንሽ፤ የት ያደርስሻል?› ይሉኛል። በዚህ ሙያ መቆየት ያዋጣኛል ወይስ ወደ ዋርድ ልመለስ? ይህን ሴሚስተርስ እንዴት ልወጣው?»
ሰ. ከጅማ

ውድ ሰ.፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሣ። ዋርድ መመለስ አለመመለሱን ክረምት ላይ ተረጋግተው ያስቡበታል፤ ሴሚስተሩ ግን ቆሞ አይጠብቅዎትም።

ግማሽ ክፍል ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የይዘቱ ብዛት ነው። ከኒውሮን (ከነርቭ ሴል) ተነሥቼ በኮርድ (በአከርካሪ ውስጥ ባለው የነርቭ ገመድ)፣ በብሬን ስቴም (በአንጎል ግንድ) እና በሴሬቤለም (በትንሹ አንጎል) አድርጌ እስከ ኮርቴክስ (እስከ አንጎል ቅርፊት) በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ላድርስ ያለ መምህር አራተኛው ሳምንት ላይ ብሬን ስቴም ውስጥ ይቀራል። ተማሪውም የብሬን ስቴም ክፍሎች የሆኑትን የሜዱላና የፖንስን ኒውክለሶች (የነርቭ ሴል ክምችቶች) እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመድድና ከፈተናው አዳራሽ ሲወጣ እዚያው ይጥላቸዋል። አብዛኞቹን ይዝለሏቸው። አንጎል ውስጥ ጠልቆ ላለው ቤዛል ጋንግሊያም ግማሽ ሌክቸር ይበቃዋል። ከመዝለልዎ በፊት ግን የኮርሱን ሲላበስ (የትምህርት ዝርዝር) እና የየሙያውን የብቃት ፈተና ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገው ይዩ። በሚያተርፉት ጊዜ ሦስት መንገዶችን ያስተምሩ፤ ከኮርቴክስ ወርዶ ጡንቻ የሚያዘውን ኮርቲኮስፓይናል፣ ሕመምና ሙቀት የሚያወጣውን ስፓይኖታላሚክ፣ ንዝረትንና የመገጣጠሚያ አቀማመጥን የሚያደርሰውን ዶርሳል ኮለም። ሁለት ሙሉ ሳምንት ቢወስዱብዎት እንኳ አይቆጭም።

ለእነዚህ በስላይድ አይድከሙ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ቀጭን ጣውላ ያስቆርጡ። መሐሉን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ይክፈሉት፤ ግራና ቀኝ ይሆንልዎታል። ከላይ ወደ ታች ኮርቴክስ፣ ታላመስ፣ ሜዱላ፣ የአንገት ኮርድ፣ የደረት ኮርድ፣ የወገብ ኮርድ ብለው ይጻፉና በየደረጃው በመስመሩ ግራና ቀኝ ምስማር ይምቱ። ከገበያ ሦስት ቀለም የሹራብ ክር ይግዙ። ቀዩ ክር ኮርቲኮስፓይናል ነው፤ ከቀኝ ኮርቴክስ ተነሥቶ የሜዱላው የታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይሻገራል፤ ከግራ ኮርቴክስ የሚነሣውም እንዲሁ ወደ ቀኝ። ከ85 እስከ 90 በመቶው እዚያ ስለሚሻገር ለዚህ ደረጃ ተማሪ «ይሻገራል» ቢሉት በቂ ነው። ሰማያዊው ዶርሳል ኮለም ነው፤ በገባበት ጎን እስከ ሜዱላ ይወጣና እዚያ ኒውሮን ቀይሮ ይሻገራል። ቢጫው ስፓይኖታላሚክ ግን አይታገሥም፤ ከገባበት አንድ ወይም ሁለት ሴግመንት (የኮርድ ደረጃ) እንኳ ሳይርቅ ይሻገራል። ኒውሮን በተቀየረ ቁጥር ክሩን ይቋጥሩት፤ ተማሪው ቋጠሮውን በጣቱ ይቆጥራል።

በቀን አንድ ክር ብቻ ያሳዩ። ሦስቱን ባንድ ቀን ካሳዩ ተማሪው የተወሳሰበ ልቃቂት ይዞ ነው የሚወጣው።

አራተኛው ቀን ላይ መቀሱን ለአንዱ ተማሪ ይስጡትና «ደረት ላይ የኮርዱን ቀኝ ግማሽ ቁረጥ» ይበሉት። ከዚያ ክፍሉን ይጠይቁ፤ የትኛው እግር ይዝላል? የትኛው እግር መርፌ አይሰማውም? ክፍሉ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። «ሁሉም በቀኝ ይጠፋል» የሚሉት የሁሉም መሻገሪያ አንጎል ውስጥ ነው ብለው ያመኑ ናቸው፤ «ሁሉም በግራ» የሚሉት ደግሞ ‹ይሻገራል› የምትለዋን ቃል ብቻ ይዘው የት የሚለውን የረሱ ናቸው። መልሱን አይንገሯቸው። ጣውላው ድረስ ወጥተው ቢጫውን ክር ከግራ እግር ጀምረው በጣታቸው ይከተሉት፤ በተቆረጠው ቦታ ሲያልፍ በቀኝ በኩል ሆኖ ያገኙታል። ድካሙና የንዝረት ማጣቱ በቀኝ፣ የሕመምና የሙቀት ማጣቱ በግራ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ክሮቹን መልሰው ያስሩና ስለ ጓያ ይጠይቁ። በችግር ዘመን ጓያ ብቻ ሲበላ ከርሞ እግሮቹ የተሳሰሩበት፣ ጉልበቱ እየተጠላለፈ በጣቶቹ ጫፍ የሚራመድ ሰው ስሜቱ ግን ደህና ነው። የትኛው ክር ተነካ? ቀዩ ብቻ፣ ግን በሁለቱም ጎን። የጀርባ አጥንት ቲቢ ኮርዱን ሲጫነውስ? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከራሳችን አገር ሕመምተኛ ስለሚመጣ ውጭ አገር ከተጻፈ የጥያቄ ባንክ ይልቅ ይያዛል።

ተግባሩን በተማሪው በራሱ ገላ ላይ ያሠሩት። ሁለት ሁለት ሆነው በጥጥ ቀላል ንክኪን፣ በተሰበረ ስንጥር ሕመምን፣ በ128 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ ንዝረትን ይፈትሹ። የወረቀት ክሊፕ ዘርግተው ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ያስነኩ፤ የጣት ጫፍ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የተራራቁትን ይለያል፣ ጀርባ ላይ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተራራቁ አንድ መስለው ይሰማሉ። ለምን? የሚለው ጥያቄ በቀጥታ ኮርቴክስ ላይ ያደርስዎታል።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር። ተማሪዎችዎ ወደ ክፍል የሚመጡት «ሥር» የሚለውን ቃል ይዘው ነው። በአማርኛ የደም ሥርም፣ ነርቭም፣ አንዳንዴ ቴንደንም «ሥር» ወይም «ጅማት» ይባላል፤ በአፋን ኦሮሞም ሂዳ የዛፍ ሥርም የደም ሥርም ነው። «ሥሬን ወጋኝ» ያለ ሕመምተኛ ምን እንደተወጋ አልታወቀም። በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደቂቃ ወስደው ሦስቱን በበግ እግር ላይ ለይተው ያስነኳቸው፤ ነርቩ ነጣ ያለ፣ ጠፍጣፋና ውስጡ ድፍን ነው፣ አርተሪው ሲጫኑት ቀዳዳነቱ ይታወቃል፣ ቴንደኑ ሲጎትቱት ጣት ያንቀሳቅሳል።

ለሌክቸር 110ሩን ባንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ለላብራቶሪ (ላብ) ግን በየሙያቸው ይክፈሏቸው። ነርሶቹ የሚፈልጉት የመቀመጫ መርፌ የሚወጋበትን ቦታ ነው። መቀመጫን አራት ቦታ ከፍሎ በላይኛው ውጫዊ ሩብ መውጋትን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሲስሉ ይዩዋቸው። ሱሪው ዝቅ ያለበትን ቦታ የላይኛው ድንበር አድርገው ይጀምራሉ። ድንበሩ ግን በጣት የሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ጠርዝ ነው። ከዚያ ወርደው ከጀመሩ «የላይኛው ሩብ» ብለው የሚወጉት ቦታ ወደ እግር ወደሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ ይጠጋል፣ የተወጋው ልጅም እግሩን እየጎተተ ይቀራል። በከሳ ሕፃን ላይ አደጋው ይብሳል። እርስዎ ዋርድ የሠሩ ሰው ስለሆኑ ይህን ከማንም በተሻለ ያሳያሉ።

አዋላጆቹን ወደ ፔልቪስ (ወደ ዳሌ አጥንት ውስጥ) ይውሰዷቸው። በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ የማኅፀኑ ሕመም ከቲ 10 እስከ ኤል 1 ይገባል (ሲ፣ ቲ፣ ኤል፣ ኤስ የአንገት፣ የደረት፣ የወገብና ከወገብ በታች ያሉ ደረጃዎች ናቸው)፤ ልጁ ሲወርድ የፔሪነሙ (በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ቦታ) ሕመም በፑደንዳል ነርቭ ከኤስ 2 እስከ ኤስ 4 ነው። ስለዚህ ኢሺያል ስፓይን (የዳሌ አጥንት ሹል) ጋ የሚሰጥ የፑደንዳል ማደንዘዣ የቁርጠቱን ሕመም እንደማይነካ ከሞዴሉ ላይ ራሳቸው ያገኙታል። ትከሻው ተይዞ አንገቱ የተጎተተ አራስ ክንዱ ለምን ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ እንደሚዞርም ከሲ 5 እና ሲ 6 ይጀምሩላቸው።

የአኔስቴዥያዎቹ ነገር ሌላ ነው፤ እነሱ መርፌው የሚያልፍባቸውን ንብርብሮች ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠር አለባቸው። ቆዳ፣ ከቆዳ ሥር ያለ ስብ፣ ሱፕራስፓይነስ ሊጋመንት፣ ኢንተርስፓይነስ ሊጋመንት፣ ሊጋመንተም ፍላቨም፣ ኤፒዱራል ክፍተት፣ ከዚያ ኮርዱን የሚሸፍኑት ዱራና አራክኖይድ። ኮርዱ በአዋቂ ሰው ኤል 1 እና ኤል 2 መካከል ስለሚያበቃ መርፌው በኤል 3 እና ኤል 4 መካከል ወይም ከዚያ በታች ይገባል። የሁለቱን ዳሌ ጫፎች የሚያገናኘው መስመር ኤል 4 ላይ ያርፋል ይባላል፤ በዳሰሳ ግን ብዙ ጊዜ ከታሰበው ከፍ ያለ ቦታ ይያዛል፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ላይ። ከተጠራጠሩ አንድ ክፍተት ወደ ታች ይውረዱ ይበሏቸው። ለቀዶ ጥገና ወሊድ ማደንዘዣው እስከ ቲ 4፣ ማለትም እስከ ጡት ጫፍ መድረስ አለበት፤ የልብን ፍጥነት የሚጨምሩት ነርቮች ደግሞ ከቲ 1 እስከ ቲ 4 ይወጣሉ። እንግዲህ ማደንዘዣው ጥቂት ከፍ ቢል የልብ ምቷ ለምን እንደሚወርድ የሚያስረዳው አናቶሚ ነው።

አሁን ወደዚያ ባልዲ። አንጎሉ የተጨፈለቀው ሳይጠነክር ታች አርፎ በራሱ ክብደት ስለተጫነ ነው። አዲስ የወጣ አንጎል እንደ ለስላሳ አይብ ነው፤ 1,300 ግራም ገደማ አይብ ባልዲ ሥር ቢቀመጥ ቅርጹን አይጠብቅም። መደረግ የነበረበት ከአንጎሉ ግርጌ ባለው የደም ሥር፣ በባዚላር አርተሪ፣ ሥር ክር አሳልፎ፣ ተዘቅዝቆ እንዲንሳፈፍ ከባልዲው አፍ ላይ ማሰር ነበር። የሚፈረፈረው ደግሞ ፎርማሊኑ ውስጡ ድረስ ባለመግባቱ ሊሆን ይችላል። ቅርጹ ባይመለስም ለቁርጥ ያገለግልዎታል፤ አዲስ ድብልቅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፣ ሌሊቱን ሙሉ በወራጅ ውኃ ይጠቡት፣ ከዚያ ረጅምና የረጠበ ቢላ ይዘው አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ይክተፉት። ቢላውን ባንድ ስበት ይጨርሱ፤ ወዲያ ወዲህ ከገዘገዙት ቁርጡ ላይ እርከን ይወጣል።

ለተማሪው እጅ ግን የበግ አንጎል ያዘጋጁለት። የሰውን አንድ አሥረኛ ያህላል፣ ቬንትሪክሉም (የውስጥ ፈሳሽ ክፍተቱ)፣ ኮርፐስ ካሎሰሙም (የሁለቱ ግማሾች ማገናኛ)፣ ኦፕቲክ ካያዝማውም (የዓይን ነርቮች መገናኛ) ይታያል። አሥር ጭንቅላት ካገኙ በየላቡ አንዱ አንጎል ለአራት ተማሪ ይደርሳል። አረፋና ፋሲካ ሲደርስ ጭንቅላት ስለሚበዛ ከሉካንዳው ጋር ከሳምንት በፊት ይነጋገሩ፤ ‹በመጥረቢያ እንዳይፈለጥ› ማለትን አይርሱ። ቀንድ የሌለውን ይምረጡ፣ ግንባሩ ስለሚሳሳ ለመጋዝ ይቀላል። ከታረደ በኋላ ቶሎ ካልወጣ መላሸቅ ይጀምራል።

ከኋላ ቀዳዳው ከፎራሜን ማግነም ጀምረው በሁለቱም ጎን እስከ ዓይን ጉድጓድ በላይ ይጋዙ። መጋዙ አጥንቱን እስከ መጨረሻው እንዲቆርጥ አይፍቀዱለት፤ ኮርቴክሱ ላይ ቦይ ይተዋል። የመጨረሻዋን ስስ ሽፋን በመሮ ፈልቅቀው ያንሡ። ከዚያ ጭንቅላቱን ገልብጠው አንጎሉ በራሱ ክብደት እንዲወርድ እያደረጉ ከፊት ያሉትን የማሽተቻ ቡልቦች በማንኪያ እጀታ ያስለቅቁ፣ ነርቮቹን እየተከተሉ በመቀስ ይቁረጡ። የሚጎትት ሰው ፒቱታሪውን (ከአንጎሉ ሥር ያለችውን ዕጢ) አጥንቱ ውስጥ ትቶት ይወጣል።

ድብልቁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ፎርማሊን ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ነው። «10 በመቶ ፎርማሊን» ሲባል ከዚህ አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ማለት ነው፤ ትክክለኛ ፎርማልዲሃይዱ 4 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ቀድሞ የተበረዘ ጀሪካን አንሥቶ እንደገና የሚበርዝ ቴክኒሻን ሁሉንም ያበሰብሳል፤ ጀሪካኑ ላይ የተቀላቀለበትን ቀንና መጠን ይጻፉበት። ለአሥር የበግ አንጎል 20 ሊትር ይበቃል፤ 2 ሊትር ፎርማሊን፣ 18 ሊትር ውኃ። የበግ ባዚላር ቀጭን ስለሆነ ክር ይበጥሰዋል፤ ይልቅ ባልዲው ሥር ወፍራም ጥጥ አንጥፈው ያስቀምጧቸው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያገላብጧቸው። ደም ስለሚያደፈርሰው በሦስተኛው ቀን ፈሳሹን ይቀይሩ። በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ያገለገለውን ወደ አዌቱ በሚወርድ ቦይ አይድፉት፤ በጀሪካን አጠራቅመው በኬሚካል ቆሻሻ ሥርዓት ያስረክቡ። ለጅማ እርጥበት ደግሞ ሻጋታ አይጠፋምና ክዳኑ ይገጠም። ከተማችሁ ውስጥ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ የእንስሳት አናቶሚ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ሥራ ዓመት ሙሉ ስለሚሠሩት አንድ ከሰዓት ሄደው ቢያዩ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ይበልጣል።

ተማሪው የበጉን ከሰው ጋር እንዳያምታታ ሦስት ነገር ይንገሩት። የማሽተቻው ቡልብ በበግ ትልቅ ነው፣ ሴሬቤለሙ ከሥር ሳይሆን ከኋላ ነው፣ ብሬን ስቴሙም ከፊቱ አንጎል ጋር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሰው ግን ታጥፏል። «ዶርሳል» (ወደ ጀርባ) እና «ሱፒሪየር» (ወደ ላይ) የሚሉት ቃላት የሚጋጩት በዚህ መታጠፍ ነው።

ራስ ምታትዎ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል። የሕክምና ማስክም ሆነ ኤን 95 ትነቱን አያግድም፤ የሚያግደው የፎርማልዲሃይድ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ነው። እሱ ካልተገኘ ትነቱን ከምንጩ ይቀንሱ። ናሙናው ላቡ ከመጀመሩ በፊት ሌሊቱን በውኃ ይታጠብ፣ ባልዲው ከክፍሉ ውጭ ይከደን፣ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶች ይከፈቱ፣ ድብልቁም በረንዳ ላይ ይሠራ። ጓንቱ ናይትራይል ይሁን፤ ላቴክሱን ፎርማሊን በቶሎ ያልፈዋል።

ለፋይናሉ ስፖት ፈተና (ተማሪው ከናሙና ናሙና እየዞረ የሚመልሰው) ያድርጉ። 20 ጣቢያና 2 ማረፊያ፣ በየጣቢያው 90 ሴኮንድ፤ 22 ተማሪ በ33 ደቂቃ ይጨርሳል፣ 110ሩ በአምስት ዙር ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ያልገቡት አንድ ክፍል ውስጥ ይጠብቁ፣ የወጡት አይገናኟቸው፣ ስልክ ይሰብሰብ። ነርቭ ላይ ስፒል አይሰኩ፣ በሁለተኛው ዙር ይንሸራተታል፤ ክር ያስሩበት። በየዙሩ መካከል ዞረው ይዩ፣ አለበለዚያ ቅሬታው አያልቅም። ጥያቄው ሁልጊዜ ሁለት እግር ይኑረው፤ «ይህ ምንድን ነው? ቢቆረጥ ሕመምተኛው ምን ያጣል?» እግረ መንገድዎን፣ ጫት ይዘው ሌሊቱን ሲያጠኑ አድረው ለሚመጡት የፈተናውን ሰዓት ከሰዓት በኋላ ማድረግ አይረዳቸውም፤ በየሳምንቱ አምስት ጣቢያ ያላት ትንሽ ፈተና ብትሰጧቸው ግን የመጨረሻዋን ሌሊት አስፈላጊነት ትቀንሳለች።

ስለ ሙያው ግልጹን እንናገር። በማስተርስ ሌክቸረር ሆኖ መቆየት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን የማስተማር ዓመት ብቻውን አያሳድግም፣ የታተመ ጥናት ይጠየቃል፣ ሩቅ ለመሄድም ፒኤችዲ ያስፈልጋል። የግል ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ለጥናት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ሦስት ዓመት እዚህ አስተምረው ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመሻገር ሐሳብ ይያዙ፣ ጥናቱንም ዛሬ ይጀምሩ። የነርቭ ሳይንስ ሲባል ውድ መሣሪያ ብቻ አይታሰብዎት። ከኢቲክስ ኮሚቴ ፈቃድ አግኝቶ በሆስፒታል የወሊድ መዝገብ ላይ የነርቭ ቱቦ ጉድለትን (የፅንሱ አንጎልና ኮርድ ሲፈጠር የሚደርሰውን) መቁጠር፣ ደረቅ አጥንት ላይ የነርቭ ቀዳዳዎችን በካሊፐር መለካት፣ በአስከሬን ላይ ሳያቲክ ነርቭ የሚወጣበትን መንገድ መመዝገብ፣ እነዚህ ሁሉ ይታተማሉ። የነርቭ ቱቦው ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ስለሚዘጋ፣ ሴቷ ብዙ ጊዜ ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው፣ ይህ ጥናት አዋላጅ ተማሪዎችዎንም ያሳትፋል።

የነርስነት ፈቃድዎን ግን አያቋርጡ። ለዕድሳት የሚጠየቀውን ሥልጠና እየወሰዱ፣ ቢቻል በወር ሁለት ቅዳሜ ዋርድ ይግቡ። የመመለሻ በር ክፍት ይሆናል፣ ለክፍልዎም የጉዳይ ምንጭ ይሆንልዎታል። ሐኪም ያልሆነ የአናቶሚ መምህር በሐኪሞች መካከል የሚያንሰው ሕመምተኛ ሳያይ የቆየ እንደሆነ ነው።

ቤተሰብዎን በክርክር አያሸንፏቸውም። አገራችን ውስጥ አካሉን ለትምህርት የሚለግስ ሰው ስለሌለ ማለት ይቻላል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛው ጠያቂ ያጣ ሰው ነው። ፊቱ እንዲሸፈን፣ ፎቶ እንዳይነሣ፣ ቁርጥራጩ ሳይቀላቀል አንድ ላይ እንዲቀበር የሚያደርግ መምህር ምን እንደሚሠራ እናትዎ ቢያዩ ምናልባት ስሙን ይለውጡት ነበር።

ኮሌጁን «ናሙና ይገዛልኝ» ብለው አይጠይቁት፤ ትልቅ ወጪ ስለሚመስል ይፈራል። ደብዳቤው ላይ በዝርዝር ያስፍሩ፤ ፎርማሊን 4 ሊትር (የሚቀየረውን ጨምሮ)፣ የበግ ጭንቅላት 10፣ ጥጥ 2 ጥቅል፣ ክዳን ያለው ባልዲ 2፣ ናይትራይል ጓንት 1 ካርቶን፣ የግድግዳ አየር ማስወጫ 1፣ ከአጠገባቸው ዋጋ። መዝገብ ቤት ቁጥር አስይዘው ያስገቡ፣ ግልባጩንም ለአካዳሚክ ዲኑ ያድርጉ። በዚያው ደብዳቤ በየሳምንቱ በሦስት ቡድን የሚሰጡት ላብ በሥራ ጫናዎ ላይ ሦስት ጊዜ እንዲቆጠር ይጠይቁ፤ ውሉ ሲታደስ በጽሑፍ ካልሰፈረ እንደ አንድ ሆኖ ይቆጠርብዎታል።